የወታደር የግል ማኅደር አያያዝ፦ ከመረከብ እስከ ፍለጋ፣ ለሐረርና ለድሬዳዋ መዝገብ ቤቶች

ባለጉዳይ ከአንድ ወታደር የግል ማኅደር ውስጥ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ቅጠል ብቻ ነው፤ ሲቀጠር የሞላውን የሕይወት ታሪክ ቅጽ፣ የማዕረግና የደመወዝ ዕድገት ደብዳቤውን፣ ቆስሎ ከሆነ የሕክምና ቦርድ ውሳኔውን፣ በመጨረሻም የስንብት ደብዳቤውን። አገልግሎት የሚቆጠረው፣ ጡረታ የሚታሰበው፣ ሚስትና ልጅ መብታቸውን የሚያስከብሩት በእነዚህ ነው። ቀሪው ወረቀት ለእነዚህ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ማኅደር ጠፋ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው እሳትን ወይም ምስጥን ነው። በመዝገብ ቤት ሥራ ግን ከጠፉት ማኅደሮች ብዙዎቹ አልተቃጠሉም፣ አልተበሉም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው ማኅደር መካከል ተሸጉጠዋል። ከዚህ በታች ስለ ሙቀትም፣ ስለ ሳጥንም፣ ስለ ስካነርም የሚነገረው ሁሉ የሚመዘነው ባለጉዳይ ሲመጣ ወረቀቱ በመውጣቱ ወይም ባለመውጣቱ ነው።

ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ይህ ሥራ የራሱ ክብደት አለው። ሐረር የ3ኛ ክፍለ ጦር መቀመጫ ነበረች፤ በ1950 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና የሕንድ መኮንኖች ያስተማሩበት የጦር አካዳሚም የነበረው እዚያው ነው። ድሬዳዋ የአየር ኃይል ምድብ ነበረባት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጦርነቱ እስከ ሁለቱም ከተሞች ደጃፍ ደርሶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደግሞ ብዙ ወታደር የስንብት ደብዳቤ እንኳ ሳይዝ ወደ ቤቱ ገብቷል። የሠራዊት አባላት ዋና ማኅደር የሚያዘው በመከላከያ ሥር ነው፤ ሆኖም በጡረታ፣ በጤና፣ በማዘጋጃና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች ግልባጭ፣ የክፍያ ሊስት፣ የሕክምና ወረቀትና የደብዳቤ ልውውጥ ሊገኝ ይችላል። ዋናው ሲጠፋ የሚያድነው ይህ ስለሆነ “የኛ አይደለም” ተብሎ አይጣልም። በራስ ውሳኔ ማስወገድም አይቻልም፤ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 የመንግሥት መዛግብት በሕግ የሚጠበቁ መሆናቸውን ደንግጓል።

ሲረከቡ

ከመጋዘን የመጣ ክምር ሲታይ እጅ ወዲያው በፊደል ተራ ወይም በማዕረግ ለመደርደር ይቸኩላል። አትንኩት። ማኅደሮቹ የመጡበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው፤ ባንድ ቀን የተቀጠሩ ምልምሎች ተከታታይ ቁጥር ይዘው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሆናል፤ ሽፋኑ የተቀደደ ማኅደር የማን እንደሆነ የሚለየውም በግራና በቀኙ ባሉት ነው። ክምሩን እንደ አመጣጡ ተራ ቁጥር ስጡት። ቁጥሩ በሽፋኑ የላይ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ሁለት ቢ በሚባለው ለስላሳ እርሳስ ይጻፋል። እስክሪብቶና ማርከር ወደዚህ ጠረጴዛ አይቀርቡም።

ቁጥር የተሰጠው ክምር በቀጥታ ወደ ዋናው ማከማቻ አይገባም። ለብቻው በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከእያንዳንዱ ጥቅል ሥር ነጭ ወረቀት አንጥፉ። በሳምንቱ ወረቀቱ ላይ ደቃቅ ዱቄት ወይም የነፍሳት ኩስ ከታየ በውስጡ ብል አለ ማለት ነው። ብል የገባበትን ማኅደር በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት አሽጉና ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ከፍሪዘር ሲወጣ ከረጢቱ ለ24 ሰዓት አይከፈት፤ ቶሎ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ፍሊት ወረቀት ላይ መንፋት ወረቀቱን ያበላሻል። ናፍታሊን በየሳጥኑ መበተን ደግሞ ነፍሳቱን በደንብ ሳያጠፋ እዚያ ውሎ የሚገባውን ሠራተኛ ጤና ይጎዳል።

ሻጋታ ያለበት ማኅደር እርጥብ ሆኖ ሳለ አይጠረግም፤ ሲጠረግ ይቀባል፣ ወደ ወረቀቱም ይሰርጻል። መጀመሪያ አየር በሚገባበት ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ከዚያ ማስክና ጓንት ተደርጎ፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ውጭ ይጠረግ።

ስም፣ ቁጥር፣ ቀን

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ጊዜና ሠራተኛ ካነሳችሁ ሳጥኑን አዘግዩ፣ ስካኑን አዘግዩ፤ ማውጫውን ግን አታዘግዩ። ማውጫ ያለው ክምር በጆንያ ውስጥ ቢሆንም ይገኛል፤ ማውጫ የሌለው ግን በውድ ሳጥን ተደርድሮም አይገኝም።

ለእያንዳንዱ ማኅደር አንድ መስመር ይከፈትለታል። በመስመሩ ላይ የተረከባችሁበት ተራ ቁጥር፣ የቀድሞው የማኅደር ቁጥር፣ የወታደሩ መለያ ቁጥር፣ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የትውልድ ዘመንና ቦታ፣ የተቀጠረበት ቀን፣ ክፍሉ፣ የመጨረሻ ማዕረጉ፣ የወጣበት ቀንና ምክንያት፣ የቅጠል ብዛት፣ የመደርደሪያ አድራሻ ይመዘገባል። የቅጠሉን ብዛት መቁጠር አሰልቺ መስሎ ቢታይም አትዝለሉት። ማኅደር ወጥቶ ሲመለስ አንድ ገጽ እንደጎደለ የሚያሳውቃችሁ ሌላ ነገር የለም።

ስም ላይ ብዙ መዝገብ ቤት ይወድቃል። አንዱ ጸሐፊ “ሐይሉ”፣ ሌላው “ኃይሉ”፣ ሦስተኛው “ሀይሉ” ብሎ ሲጽፍ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ገብረ ሥላሴ “ገ/ሥላሴ”፣ “ገብረስላሴ”፣ “ገ/ስላሴ” ሆኖ ይገኛል። በዚህ አካባቢ ደግሞ የሐረሪ፣ የኦሮሞና የሶማሌ ስሞችን ጸሐፊው እንደሰማው ነው የከተባቸው፤ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ፣ መሀመድ፤ ዩሱፍና የሱፍ፤ አብዱላሂና አብደላ። መፍትሔው ለስም ሁለት ዓምድ መክፈት ነው። በመጀመሪያው ስሙ በማኅደሩ ላይ እንደተጻፈ፣ አንድ ፊደል ሳይነካ ይገባል፤ ማስረጃው እርሱ ነውና። በሁለተኛው የፍለጋ ስም ይጻፋል፤ ሐ፣ ኀ እና ኃ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ ምሕፃረ ቃል ይፈታል፤ ጥምር ስም ያለ ክፍተት ይጻፋል፤ ከስም ፊት ያለው ማዕረግ ይተዋል። የመሐመድ ዓይነት ስሞች ሁሉ በአንድ የተመረጠ አጻጻፍ ይሰበሰባሉ፤ የተመረጠው አጻጻፍም በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ የራሱን ምርጫ እንዳያመጣ።

ማውጫው በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚነበበው በዩኒኮድ ፊደል ይጻፍ። ቀድሞ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ሊስቶች ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ፣ አይፈለጉምም። እንዲህ ያለ ሊስት ካላችሁ በመቀየሪያ ፕሮግራም ብቻ አትመኑት፤ ከተቀየረ በኋላ ከታተመው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር ይመሳከር።

ቀን ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥልጠና ወረቀት የፈረንጅ ዓመት ይይዛል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት መለወጫው በአንድ ቀን ይቀድማል። በሁሉም ላይ 8 እየቀነሱ መሄድ የአንድን ሰው አገልግሎት በአንድ ዓመት ሊያሳስት ይችላል። ሁለተኛው የግዕዝ ቁጥር ነው። ደብዛዛ በሆነ የካርቦን ግልባጭ ላይ ፮ እና ፯ ይምታታሉ፤ በአጉሊ መነጽር ካልለየላችሁ በሌላ ገጽ ላይ ያለውን ቀን አመሳክሩ፤ ገምታችሁ አትሙሉ። ሦስተኛው፣ አንዳንዱ ማኅደር ሁለት ሦስት የትውልድ ዘመን ይዞ መገኘቱ ነው። ሁሉንም መዝግቡ፤ የትኛው ከየትኛው ቅጽ እንደመጣና ቅጹ መቼ እንደተሞላ ጨምሩ። የትኛው እንደሚጸና መወሰን የመዝገብ ቤት ሥራ አይደለም፤ በጡረታ ጉዳይ መጀመሪያ የሚታየው ግን ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ስለሆነ እርሱን ለይቶ ማመልከት ለሁሉም ይጠቅማል።

ማኅደሩ ሲከፈት

እጅ ታጥቦ ይደርቃል። ለወረቀት ንጹሕ እጅ ከጥጥ ጓንት ይሻላል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚቀንስ የሳሳ ጠርዝ ይቀደዳል። ለፎቶግራፍ ግን ጓንት ያስፈልጋል።

የዛገ አግራፍና ስቴፕል ወረቀቱን እየበላው ይቆያል፤ መነቀል አለበት፤ ጥያቄው እንዴት ነው። በስቴፕል መንቀያ ከተነቀለ ዝገቱ የያዘውን ወረቀት ይዞ ይወጣል። ማኅደሩን ገልብጡና የስቴፕሉ ሁለት እግሮች በታጠፉበት በኩል ከእግሮቹ ሥር ቀጭን ማይካ አስገቡ። እግሮቹን አንድ በአንድ፣ ስለት በሌለው ቀጭን ቢላ ቀና አድርጉ። ከዚያ ወደ ፊት ገጽ መልሳችሁ በጀርባው ሥር ሌላ ማይካ አስገቡና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት። ቀዳዳው ላይ የቀረው ቡናማ ዱቄት በብሩሽ ይጠረጋል፤ አይፈገፈግም። ወረቀቶቹ አብረው እንዲቆዩ ካስፈለገ በአንድ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ውስጥ አስገቧቸው። ላስቲክ በድሬዳዋ ሙቀት ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል፤ ከደረቀ በኋላም ቡናማ መስመር ትቶ ይሄዳል። ማሰር ካስፈለገ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ያልተቀለመ የጥጥ ጥብጣብ በቂ ነው።

በድሮ ማኅደሮች ላይ ሐምራዊ ጽሑፍ ብዙ ነው። በኮፒ እርሳስ የተጻፈው፣ ብዙው ማኅተምም እንዲሁ፣ ውኃ ሲነካው ወዲያው ይፈሳል። በምራቅ ጣት እያረጠቡ ገጽ መግለጥ እዚህ ላይ ፊርማ ማጥፋት ነው። እነዚህን ገጾች የያዘ ማኅደር ሽፋኑ ላይ በእርሳስ “ው” ይጻፍበት፤ አደጋ ሲመጣ ቀድመው የሚወጡት እነርሱ ናቸው።

የተቀደደ ወረቀት በስኮች አይለጠፍ። የስኮች ሙጫ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጻል፣ ፕላስቲኩ ተነቅሎ ይወድቃል፣ እድፉ ይቀራል። አስቀድሞ የተለጠፈውንም አትላጡ። የሠለጠነ ሰው ካለ በስንዴ ስታርች ሙጫና በቀጭን የጃፓን ወረቀት ይጠግነዋል፤ ከሌለ ቁርጥራጮቹን በአንድ ፖስታ አድርጎ በቦታቸው ማቆየት ይሻላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ላሚኔት ነው። ባለሥልጣንም ባለጉዳይም “እንዲጠበቅ” ብለው የሚያደርጉት ነገር ወረቀቱን በሙቀትና በሙጫ ከፕላስቲክ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ አሲዱን ማውጣትም፣ መጠገንም፣ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን በእጅ መመርመርም አይቻልም። አንድም ዋና ሰነድ ላሚኔት አይደረግ።

ከቅጹ ላይ የተነቀለ ጉርድ ፎቶ ካገኛችሁ ከየትኛው ቅጽ እንደሆነ የሙጫውን ቅርጽ ከፎቶው ጀርባ ጋር አስተያዩ፤ ከተረጋገጠ በኋላ የማኅደሩን ቁጥር በጀርባው ጠርዝ ላይ በእርሳስ በቀስታ ጻፉ፣ በትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ እዚያው ማኅደር ውስጥ አኑሩት። ፎቶዎችን ሰብስቦ በአንድ አልበም ማስቀመጥ ሰውየውን ከወረቀቱ መለየት ነው።

ሳጥንና መደርደሪያ

መካከለኛ ማኅደር 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው ብላችሁ አስቡ። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን አምስት ማኅደር ይይዛል፤ የቀረው ክፍተት እጅ እንዲገባ ነው። የታጨቀ ሳጥን ጠርዝ ይቀድዳል፣ የላላ ሳጥን ደግሞ ወረቀቱን ያጎብጠዋል። በአንድ ሜትር መደርደሪያ 8 ሳጥን፣ ማለትም 40 ማኅደር ይቆማል። ስድስት እርከን ያለው የአንድ ሜትር መደርደሪያ 240 ማኅደር ከያዘ፣ ለ10,000 ማኅደር 42 መደርደሪያ ያስፈልጋል። የአንድ ሜትር ወረቀት ክብደት 50 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚሆን አንዱ መደርደሪያ ሲሞላ 300 ኪሎ ይደርሳል። ፎቅ ላይ ከመደርደራችሁ በፊት ወለሉ ይህን ይሸከም እንደሆነ መሐንዲስ ይጠየቅ፤ መደርደሪያዎቹም ከላይ እርስ በርስና ከግድግዳ ጋር ይታሰሩ።

መደርደሪያው ብረት፣ ቀለሙም በምድጃ የተጋገረ ቢሆን ጥሩ ነው። እንጨት አሲድ ይተነፍሳል፣ ምስጥም ይጠራል። የታችኛው እርከን ከወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየር እንዲዞር፣ ምስጥ የሚሠራው የአፈር መንገድም እንዲታይ። በወር አንድ ጊዜ በባትሪ መብራት ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ግድግዳ ይታይ። የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ መጥረግ ብቻ አይበቃም፤ መነሻው ከወለል ሥር ስለሆነ ባለሙያ ይጠራ።

ፎልደሩና ሳጥኑ ከአሲድ ነፃ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.5 እስከ 9.5 ቢሆን ይመረጣል። ለሁለቱም በጀት ከሌለ ገንዘቡን ወረቀቱን በቀጥታ ለሚነካው ፎልደር አውሉት። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ የሚሸተው፣ ሲሞቅም የሚጣበቀው ነው፤ ከማኅደር ይራቅ።

አድራሻው አራት ቁጥር ነው፦ ክፍል፣ መደርደሪያ፣ እርከን፣ ሳጥን። 02-14-3-5 ማለት ሁለተኛው ክፍል፣ 14ኛው መደርደሪያ፣ ከላይ ሦስተኛው እርከን፣ ከግራ አምስተኛው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ስም አይጻፍ።

ክፍሉ

ለወረቀት የሚመከረው ሙቀት ከ16 እስከ 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ክፍል ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ወደዚህ ይቀርባል፤ እዚያ የሚያሳስበው የክረምት እርጥበት ነው። እርጥበቱ ከ65 በመቶ አልፎ ከቆየ ሻጋታ ይነሣል። ድሬዳዋ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ሙቀት፣ ድርቀትና አቧራ ናቸው ጠላቶቹ። እርጥበት ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ ወረቀት ይሰባበራል፤ አቧራ ደግሞ በየገጹ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል።

ድሬዳዋ ላይ የሚፈጸም የተለመደ ጥፋት አለ፦ ኤር ኮንዲሽነሩ ሠራተኛ ሲገባ ተከፍቶ ሲወጣ ይዘጋል። ክፍሉ ቀን 20፣ ሌሊት 30 ዲግሪ እየሆነ ሲዋዥቅ ወረቀቱ በየቀኑ እርጥበት እየሳበና እየተፋ ይደክማል። ሌት ተቀን ማሠራት ካልተቻለ ባይከፈት ይሻላል፤ በወጥነት 26 ዲግሪ የሆነ ክፍል ከሚዋዥቅ ክፍል ይመረጣል። ያንን ደግሞ በቦታ ምርጫ ማገዝ ይቻላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው የመጨረሻ ፎቅ እሳት ነው፤ ምድር ቤት ጎርፍ አለበት። በመሐል ፎቅ፣ ወደ ሰሜን የዞረ፣ የውኃ ቧንቧ በላዩ የማያልፍ ክፍል ፈልጉ። በሚቻለው ሁሉ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ግን ያዋጣል፤ 5 ዲግሪ ብቻ መቀነስ የወረቀትን ዕድሜ በግምት እጥፍ ያደርገዋል።

መስኮት በወፍራም መጋረጃ ይሸፈን፣ መብራት ሰው ሲወጣ ይጥፋ። ክፍሉ ውስጥ ቡና አይፈላ፣ ምድጃ አይግባ፣ አንዱ ከሌላው የተሰካ ማከፋፈያ ገመድ መሬት ላይ አይዘርጋ። የእሳት ማጥፊያው የዱቄት ዓይነት ባይሆን ይሻላል፤ ዱቄቱ እሳቱን ያጠፋል፣ በወረቀቱ ላይ የሚተወው ግን ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው።

ፍለጋ

ፍለጋ የሚጀምረው ከመደርደሪያ ሳይሆን ከመስኮቱ ነው። ማንነትና መብት ይጣራል፦ ባለቤቱ ራሱ ከሆነ መታወቂያ፣ ወራሽ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ወኪል ከሆነ ውክልና። ከዚያ ይጠየቃል፤ አጠያየቁ ውጤቱን ይወስናል።

“እማማ፣ የባለቤትዎ ስም ማን ነው?” ብሎ ማቆም አይበቃም። “በሠራዊቱ ውስጥ ሲጠሩ በዚሁ ስም ነበር? ሌላ ስም ነበራቸው?” ይባል። ሲቀጠር ስም የለወጠ፣ በአያቱ ስም የተመዘገበ፣ በቅጽል ስም የሚታወቅ ወታደር ጥቂት አይደለም። መለያ ቁጥሩን ባያስታውሱ እንኳ ቁጥሩ ያለበት የቆየ ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የሜዳይ ወረቀት ወይም በዩኒፎርም የተነሡት ፎቶ ቤት ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። “መቼ ተቀጠሩ?” ለሚለው ዓመት ካልመጣላቸው “የመጀመሪያ ልጃችሁ ሲወለድ ወታደር ነበሩ? ለሶማሊያ ጦርነት ከየት ሄዱ?” ብሎ ማስጠጋት ይቻላል። የሰለጠነበት ቦታ፣ ክፍለ ጦሩ፣ ብርጌዱ፣ የቆሰለበት ግንባር ይመዝገብ። ይህ ሁሉ በአንድ የጥያቄ ቅጽ ላይ ይስፈር፤ ባለጉዳይዋ በድጋሚ ስትመጣ እንደ አዲስ አትጠየቅ።

መጀመሪያ በመለያ ቁጥር፣ ካልሆነ በፍለጋ ስም፣ ካልሆነ በራስና በአያት ስም የአባትን ትቶ ፈልጉ። አድራሻው ሲገኝ ማኅደሩ ከመነሣቱ በፊት በቦታው የመውጫ ካርድ ይግባ። ካርዱ ከማኅደሩ ረዘም ያለ፣ ቀለሙ ደማቅ የሆነ ጠንካራ ወረቀት ነው፤ የማኅደሩ ቁጥር፣ የወሰደው ሰው፣ ቀኑ፣ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበታል። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በየመተላለፊያው እየሄደ ደማቅ ካርዶቹን ይቁጠር፣ ጊዜ ያለፈባቸውን ይጠይቅ። ለባለጉዳይ የሚሰጠው ሁልጊዜ ከዋናው ጋር የተመሳከረና ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ነው፤ ዋናው ከግቢ አይወጣም። የሕክምናና የዲሲፕሊን ወረቀት መብቱ ለሌለው ሰው አይታይም።

በቦታው ከሌለ አትደንግጡ፣ ቅደም ተከተል አለው። ከቦታው በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ሳጥን ክፈቱ። ቁጥሩን አገላብጡ፤ 4578 ከሆነ በ4758፣ በ4587፣ በ5478 ቦታ ተመልከቱ። ሌላ ወፍራም ማኅደር ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጎረቤቶቹን ገልጡ። የጥገና ጠረጴዛውን፣ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አጠገብ፣ የኃላፊዎችን መሳቢያ እዩ። ለአንድ ሰው ሁለት ማኅደር ተከፍቶ እንደሆነ በትውልድ ቦታና በቅጥር ቀን ፈልጉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ “አልተገኘም” የሚለው መልስ የት የት እንደተፈለገ ተዘርዝሮ፣ ተፈርሞ ይቀመጣል።

በእርግጥ ከጠፋ

ይህ ሥራ ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም፤ በዓለም ላይ በትልቁ ተሠርቷል። ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለው የወታደር መዛግብት ማዕከል ሲቃጠል ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የግል ማኅደር ወድሟል። ሕንፃው ውኃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልነበረውም፤ ማኅደሮቹ ግልባጭም የተሟላ ማውጫም አልነበራቸውም፤ ምን እንደጠፋ በትክክል መዘርዘር ያልተቻለውም ለዚህ ነው። ቢሆንም ጠርዛቸው የተቃጠለ 6.5 ሚሊዮን ያህል ማኅደሮች ተርፈዋል፤ የቀረውን ከደመወዝ ሰነድ፣ ከየዕለቱ የክፍል ሪፖርትና ሌላ መሥሪያ ቤት ከያዘው ወረቀት እየለቀሙ አገልግሎት ማረጋገጥ ተችሏል።

እዚህም መንገዱ ያው ነው። የደመወዝ መክፈያ ሊስት ሰውየው በየትኛው ወር በየትኛው ክፍል በምን ማዕረግ እንደነበር ያሳያል። የሆስፒታል መዝገብ የቁስሉን ቀን፣ የጡረታ መዋጮ ሰነድ የአገልግሎቱን ርዝመት፣ የዕድገት ትእዛዝ ስሙን ከሌሎች ስሞች ጋር ይይዛል፤ በዚያ ትእዛዝ ላይ ያሉት የሌሎቹ ማኅደር ውስጥም ግልባጩ ይኖራል። የተሰበሰበው ሁሉ በአዲስ ሽፋን ይገባና “ተተኪ ማኅደር” ተብሎ በጉልህ ይጻፍበታል፤ እያንዳንዱ ገጽ ከየት እንደተገለበጠ በግርጌው ይመዘገባል። ዋና መስሎ እንዲታይ ማድረግ ግን ወንጀል ነው፣ ለባለጉዳዩም ውሎ አድሮ መዘዝ ያመጣል።

ውኃ ሲገባ

በ1998 ክረምት የዳጫቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። አሸዋማ ወንዝ አጠገብ ያለ መዝገብ ቤት የጎርፍ ዕቅድ በወረቀት ላይ ይኑረው። ቅድሚያ ሰው ነው፤ ቀጥሎ መብራት ከዋናው ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ያላችሁ ጊዜ 48 ሰዓት ያህል ነው፤ ሻጋታ ከዚያ በኋላ ይነሣል።

የረጠበ ማኅደር አይከፈት፣ ገጹ አይገለጥ፣ አይጨመቅ። እንደተዘጋ፣ ጀርባው ወደ ታች ሆኖ፣ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሞላ፤ በየመካከሉ ስስ ፕላስቲክ ይግባ። “ው” የተጻፈባቸው ይቅደሙ። መጠኑ ጥቂት ከሆነ በጥላ ሥር፣ በቬንትሌተር ነፋስ፣ በየአሥር ቅጠሉ የሚመጥ ነጭ ወረቀት እያስገቡና እየቀየሩ ማድረቅ ይቻላል። የድሬዳዋ ፀሐይ ፈጥኖ ያደርቃል ተብሎ ደጅ ማስጣት ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ ቀለሙን ያጠፋዋል። ብዙ ከሆነ ማቀዝቀዝ ነው መፍትሔው፤ የቀዘቀዘ ወረቀት ሻጋታ አይዘውም፣ በየተራ ለማድረቅም ጊዜ ይሰጣል። ሥጋ የሚያቀዘቅዝ መጋዘን ካለው ድርጅት ጋር ስምምነቱ ከክረምት በፊት ይፈረም። የረጠቡ ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ከደረቁ አይላቀቁም፤ እስኪለያዩ ድረስ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቆዩ፣ ከ48 ሰዓት ግን አይለፉ።

ስካንና ግልባጭ

ሁሉን ስካን እናድርግ የሚለው ሐሳብ በሒሳብ ይታይ። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በቀለም፣ ቲፍ በሚባለው የምስል ዓይነት ሳይታመቅ ሲቀመጥ 26 ሜጋ ባይት ነው። 60 ቅጠል ያለው ማኅደር 1.5 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ 10,000 ማኅደር 15 ቴራ ባይት ገደማ። ከእያንዳንዱ ማኅደር አራቱን ዋና ገጾች ብቻ ከወሰዳችሁ ግን በአንድ ቴራ ባይት ገደማ ያልቃል፤ ሠራተኛውም ጊዜውም ይበቃል። ከዚያ ጀምሩ። ፎቶግራፍ በ600 ዲፒአይ ይወሰድ። ወረቀት በራሱ በሚጎትት ስካነር ስስ የካርቦን ግልባጭ አይገባ፤ ይቀደዳል፤ በጠፍጣፋው መስታወት ላይ ይደረግ። የምስሉ ስም የማኅደሩ ቁጥርና የገጹ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ በስም የተሰየመ ምስል እላይ የተባለውን የአጻጻፍ ችግር እንደገና ያመጣል።

ማውጫውና ምስሎቹ በሦስት ቅጂ ይያዙ፦ አንዱ በሥራ ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በተዘጋ ካዝና ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ከተማ። ሐረርና ድሬዳዋ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ የተራራቁ ስለሆኑ ዲስክ መለዋወጥ ቀላል ነው፤ የዳጫቱ ጎርፍ ሐረር አይደርስም፣ የሐረሩ እሳትም ድሬዳዋን አያገኝም። የምስጢር ቁልፍ የተደረገለት ዲስክ በተፈረመ ደብዳቤ፣ በየስድስት ወሩ ይቀያየር። የታተመ ማውጫም አብሮ ይሂድ፤ መብራት በሌለበት ቀን የሚነበበው እርሱ ነው። ዲስኮቹ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍተው ከየማኅደሩ ክፍል በዘፈቀደ ሃያ ቁጥር ይመረጥ፤ ምስሉ ይከፈት፣ ወረቀቱም ከመደርደሪያው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይምጣ። አንዱ እንኳ ካልመጣ ያ መደርደሪያ በሙሉ፣ 240ው ማኅደር ከማውጫው ጋር አንድ በአንድ ይቆጠራል።